ባሕር በመስታወት ሣጥን

ወረታ ላይ «ባሕር» ያለ ሰው ጣናን ማለቱ ነው። ሐይቁ ከፎገራ ሜዳ ማዶ በስተ ምዕራብ ተኝቷል፤ ከሩዙ ማሳ ወዲያ ያለው ሁሉ በአገሬው አነጋገር ባሕር ይባላል። ጨው የበዛበትን፣ ማዶው የማይታየውን ባሕር ግን ተማሪዎቼ የሚያውቁት በመጽሐፍ ብቻ ነው፤ እኔም አስተማሪያቸው ልባል እንጂ ከነርሱ የተሻለ አላየሁም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ስለ ኮራል ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጅዋን አንሥታ፣ «መምህር፣ ኮራል ድንጋይ ነው፣ ተክል ነው ወይስ እንስሳ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ መልሱን በቃል ብነግራትም ይኸውልሽ ብዬ የማሳያት ነገር አጣሁ። ደወል ተደወለና ከዕፍረት ዳንሁ።

መልሱስ ኮራል እንስሳ ነው። አንዱ ነጠላ ኮራል ብዙውን ጊዜ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ አፉ በቀጫጭን እጆች የተከበበ ለስላሳ ፍጡር ነው። በሺህ የሚቈጠሩት ተያይዘው ይኖራሉ፤ ከባሕሩ ውኃ የወሰዱትንም ኖራ ከሥራቸው እየደረደሩ ቤት ይሠራሉ። በሥጋቸው ውስጥ በዐይን የማይታዩ አልጌዎች ተጠግተው ይኖራሉና፣ እነዚህ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለባለቤቱ ያካፍላሉ። እንግዲህ ልጅቱ ሦስቱንም መጠርጠርዋ አያስነቅፋትም፤ ኮራል እንደ እንስሳ ይበላል፣ እንደ ተክል ብርሃን ይወዳል፣ ሲሞት ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ በኤርትራ በምትገኘው በምጽዋ የሚታዩት የጥንት ቤቶች የተሠሩት ከዚሁ ድንጋይ ነው።

ከትምህርት ጓደኞቼ አንዱ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ይኖራል። እርሱም እንደኔ ባሕር ሳያይ ያደገ የደጋ ልጅ ነው፤ ዳሩ ግን በሳሎኑ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ፣ ኮራል የሚያሳድግበት የመስታወት ገንዳ ተክሏል። የልጅቱን ጥያቄ ባጫውተው ሥዕሉን በስልክ ላከልኝ፤ አሠራሩንም በሰፊው ጻፈልኝ።

በመጀመሪያ ውኃው ነው። የቧንቧው ውኃ በማጣሪያ አልፎ ፍጹም ንጹሕ ከሆነ በኋላ በየሊትሩ 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው ይጨመርበታል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ብዙም ከፍ ዝቅ እንዳይል ማሞቂያ ይገባል። ኮራል ተነሥቶ ምግብ ፍለጋ የማይሄድ ፍጡር ስለሆነ ውኃው ራሱ ወደርሱ መሄድ አለበት፤ ለዚህም ሌሊትና ቀን ማዕበል የሚያስነሣ ትንሽ ሞተር አለ። ከላይ ሰማያዊነት የሚያጠቃው ብርቱ መብራት ይንጠለጠላል። ይህ ሁሉ ተሰናድቶም ኮራሉ ወዲያው አይገባም፤ ገንዳው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባዶውን ይቆያል። ከምግብ ፍርፋሪና ከእንስሳቱ ዐይነ ምድር የሚወጣው አሞንያ መርዝ ነውና፣ ይህን መርዝ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪራቡ ድረስ መታገሥ ግድ ነው። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ጊዜ አልታገሠም ነበር። «በሳምንቱ የገዛሁት ሁሉ ነጭ አጥንት ሆኖ ቀረ» ብሎ ጽፎልኛል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ማራባቱ ነው። እኛ ሸንኮራ አገዳ ቆርጠን እንደምንተክል እርሱም ከትልቁ ኮራል የጣት ራስ የምታህል ቅርንጫፍ በመቀስ ይቆርጣል፤ በትንሽ የሸክላ ገበታ ላይ ማጣበቂያ ጠብ አድርጎ ይለጥፋታል፤ መልሶም ውኃው ውስጥ ያኖራታል። ቁስሉ ይሽራል፤ ሥጋው ሸክላውን እያለበሰ ይሄዳል፤ ወራት ሲያልፉም ልጅ የነበረችው እናት ሆና በተራዋ ትቆረጣለች። ኮራል አሳዳጊዎቹ ይህን ቁራጭ እርስ በርሳቸው ይሰጣጣሉ፤ የአንዱ ሲሞትበት ከሌላው ይወስዳል። የኛ እናቶች እርሾ እንደሚበዳደሩት ነው። በፍሎሪዳ ዳርቻም የሞተውን የኮራል ድንጋይ መልሰው ሕያው ለማድረግ የሚደክሙ ሰዎች በዚሁ ዘዴ ቁርጥራጩን በውኃ ውስጥ በተተከለ ምሰሶ ላይ እያንጠለጠሉ ያሳድጋሉ፤ ሲጎለምስም ወስደው በድንጋዩ ላይ ይተክላሉ።

እኔም እርሳስና ወረቀት ይዤ ቁጭ አልሁ። 60 ሊትር ውኃ ቢሆን የሚያስፈልገው ጨው 2 ኪሎ ከ100 ግራም ነው፤ ይህስ ቀላል ነው። ነገር ግን ከሱቅ የምንገዛው የወጥ ጨው ኮራል የሚሻውን ካልሲየምና ማግኒዚየም አልያዘም። መብራቱ፣ ሞተሩ፣ ማጣሪያው ተደማምሮ ሲታይ ወር ጠብቆ ደመወዝ ለሚቀበል ሰው የሚቀመስ አልሆነም። ገንዘቡስ ከየትም ተገኘ እንበል፤ ኤሌክትሪክ አንድ ሌሊት ቢጠፋ ማዕበሉ ይቆማል፤ ማዕበሉ ሲቆም ኮራሉ አየር ያጥረዋል። ወረታ ላይ መብራት አንድ ሌሊት አይጠፋም ብሎ የሚወራረድ ሰው ካለ ይምጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ የራስዋ ኮራል የላትም ማለት ስሕተት ነው። በአፋር፣ በደናክል ዝቅተኛ ቦታ ዙሪያ፣ ከአንድ መቶ ሺህ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ድረስ ገብቶ በነበረ ጊዜ ያደገ ኮራል ድንጋይ ሆኖ ዛሬም ይታያል። ባሕሩ ተቆርጦ ሲቀር ውኃው ተነነ፤ ጨው ተረፈ። አባቶቻችን አሞሌ እያሉ በገንዘብነት ይገበያዩበት የነበረው ጨው የመጣው ከዚያው አገር ነው።

ኮራሉን በዚህ ተውሁት፤ የመስታወቱ ሣጥን ግን ከልቤ አልወጣም። ኤዱዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ተወላጅ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1831 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ምጽዋ ደርሶ፣ በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ገባ። የቀይ ባሕርን ዓሦች ሲመረምር የቆየው ይኸው ሰው የጣናን ዓሦች ለሳይንስ አስተዋወቀ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ዛሬ በመላው ዓለም የሚጠራው አገሬው ባወጣለት ስም በ«ቤሶ» ነው። ሩፔል ከኮራሉ ባሕር ወደ ጣና መጥቶ የሚያየው ካላጣ እኔ ምን አጣለሁ አልሁ። ደግሞም ጣና ውስጥ እንደ ኮራል ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚኖር የስፖንጅ ወገን አለ፤ የጣሊያን ሊቃውንት በ1999 «ማኬዲያ ታኔንሲስ» ብለው ሰይመውታል። ንግሥት ማክዳን የሚያስታውስ ስም የያዘ እንስሳ በአጠገባችን እያለ ስለ ቨርጂኒያ ሳሎን መመኘቴ አሳፈረኝ።

በክረምቱ ዕረፍት መስኮት ከሚሠራ ሰው ዘንድ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ መስታወት አስቆርጬ፣ በሲሊኮን አያይዤ፣ 60 በ30 በ35 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን ሠራሁ። ሲሊኮኑ እስኪደርቅ ሁለት ቀን መጠበቅ ሲገባኝ በማግሥቱ ሞላሁት። አከራዬ እማማ ከጓዳ ሲወጡ ውኃው በራቸውን አልፎ ነበር።

«አበስኩ ገበርኩ! መምህሬ፣ ጣናን እቤቴ ልታመጣው ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ አሁን አደርቀዋለሁ።»

«ዓሣ ካማረህ ወጥ አልሠራልህም? ምን ያስርሃል?»

ከታሸገ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥፋት ጨመርሁ። ከከተማው ዳር ካለ ቦይ ውኃውን ከነጭቃው ቀዳሁ፤ ትንንሽ ዓሦችም ያዝሁና በዚያው ቀን ከተትሁ። ጭቃው ሲናወጥ ሲረጋ፣ ሲናወጥ ሲረጋ፣ ዓሦቹ አየር ፍለጋ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ዋሉ፤ በአራተኛው ቀን አንድም የተረፈ የለም። የጓደኛዬ ምክር በኪሴ እያለ ነው ይህን ያደረግሁት። የኬሚስትሪ መምህር የሆነ ባልደረባዬ ነገሩን ሲሰማ፣ «ጠጠር ነው የሚያስፈልግህ፤ ባክቴሪያህ የሚቀመጥበት የታጠበ የወንዝ ጠጠር። ጉማራ ላይ፣ ወንዛዬ ዘንድ አለ» አለኝ።

በመስከረም መጨረሻ ቅዳሜ ቀን እርሱና እኔ፣ ሦስት ተማሪዎችም ጭምር፣ ጄሪካንና ወንፊት ይዘን ተነሣን። ያቺ ጠያቂ ልጅ አንዷ ነበረች። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኙ ሩዝ ነው፤ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ያስለመዱት እህል ዛሬ ሜዳውን ሁሉ ወርሶታል። በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ የፎገራ ላም ብቻ ስትግጥበት የነበረ ረግረግ አሁን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። የጉማራ ድልድይ ስንደርስ ወርደን ወደ ታች ተመለከትን። ወንዙ የጠላ ድፍድፍ መስሎ ይወርዳል። ተማሪዎቹ ጄሪካናቸውን ተመለከቱ፤ እኔም ባልደረባዬን ተመለከትሁት። «ላይኛው ይሻላል» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ጧቱ አልነበረም።

ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን፣ ጥቂቱን በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር ሄድን። ሜዳው እያለቀ ኮረብታው ሲጀምር አፈሩም ከጥቁር ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ሩዙ ቀርቶ ጤፍ ይመጣል፤ አደይ አበባው በየድንበሩ ፈክቷል። ወንዛዬ የታወቀው በፍል ውኃው ነው። ቁርጥማት ያለበት፣ ወገቡን የሚያመው፣ ቆዳው የታመመ ሁሉ ስንቁን ይዞ ይመጣና ቀናት ይሰነብታል። ስንደርስ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ከወዲያ እንፋሎቱ ይታያል። እጅ ሲነክሩበት በመጀመሪያ ያንገበግባል፣ ኋላ ይለመዳል። አንዲት አሮጊት ልጆቹን አይተው፣ «እናንተ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ምን ቁርጥማት አላችሁ?» ብለው አሳቁን።

ፍል ውኃው በሚወርድበት ቦይ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ተጋግሯል። ጠያቂዋ ልጅ ጎንበስ ብላ ካየች በኋላ፣ «መምህር፣ ይህ በፈላ ውኃ የሚኖር ከሆነ የኮራሉ አልጌ ሙቀት ለምን ይፈራል?» አለችኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ፍጡር ሁሉ የለመደው ሙቀት አለው፤ ኮራል ደግሞ በለመደው ሙቀት ዳርቻ ላይ የሚኖር ነው። የባሕሩ ውኃ ከተለመደው የበጋ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል እንኳ ከፍ ብሎ ሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ በሥጋው ያሉትን አልጌዎች ያስወጣል፤ ቀለሙንም ምግቡንም በአንድ ጊዜ ያጣል፤ ይነጣል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ ይሞታል።

ከዚያ ወደ ወንዙ ወረድን። ጠጠሩስ አለ፤ ነገር ግን ዳር ዳሩን ያለው በሙሉ ቀይ ጭቃ ለብሷል። ውኃው ፈጠን የሚልበት ቦታ ፈልገን ድንጋይ መገልበጥ ጀመርን። ከአንዱ ድንጋይ ሥር ጣት የምታህል ዓሣ ወጣችና ወደ ሌላው ሄዳ ተለጠፈች። ከአፍዋ በታች እንደ ቁልፍ ክብ የሆነ መጣበቂያ አላት፤ በእርሱ ድንጋይ ይዛ አልጌ እየፋቀች ትበላለች። ወገንዋ በሳይንስ «ጋራ» ይባላል ስላቸው ልጆቹ ወደ ኮረብታው አይተው ተሳሳቁ። ሦስት በወንፊት ያዝን፤ እነርሱን በአንድ ባልዲ፣ ጠጠሩን በሁለት ጄሪካን አደረግን።

ስንመለስ መንገዱ በአንድ የጤፍ ማሳ ግርጌ ያልፋል። ማሳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰያፍ ቦዮች ወርደዋል፤ መጨረሻቸው ሰው ቢገባበት የማይታይ ቦረቦር ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ድንበር ላይ ቆመው ነበር።

«እንደምን ዋሉ አባቴ። ይህ ቦይ ምንድን ነው?»

«ፈሰስ ነዋ! አታውቀውም? የገበሬ ልጅ አይደለህም?»

ነኝ አልሁ፤ አገሬ ግን እንዲህ ብዙ አይወጣም።

«ፈሰስ ካላወጣሁ ጤፌ ውኃ ያንቀዋል። ካወጣሁ አፈሬ ይሄዳል። ያን ጉድ ታያለህ?» ብለው ቦረቦሩን በዱላቸው አመለከቱ። «እኔ ስጎለምስ በእርምጃ የምሻገረው ነበር። ዛሬ በሬ ቢገባበት አይወጣም። እስቲ አንተ የተማርኸው ፍረደኝ።»

የሚፈርድ ቃል አልነበረኝም። የቤልጅግና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ክረምት በዚሁ በወንዛዬ ፈሰስንና የድንጋይ እርከንን አነጻጽረው ያጠኑትን በ2015 አሳትመዋል፤ ፈሰስ ብቻ ባለበት ማሳ ቦረቦር ቶሎ እንደሚጀምር፣ እርከን ያለበት ግን የተሻለ እንደሚቋቋም አሳይተዋል። ይህን ስነግራቸው፣ «እርከኑ መሬት ይበላል፤ ውኃውንም ያቆመዋል፤ እኔ ያለኝ ይህችው ናት» አሉ። የጠጠሩንም ነገር ጠየቁኝ። ጣና ውስጥ ያለው ነጭ ዓሣ ክረምት ሲመጣ ወንዝ ሽቅብ እየወጣ እንቁላሉን በጠጠር መካከል እንደሚጥል፣ ጭቃ ከሸፈነው እንቁላሉ አየር አጥቶ እንደሚሞት ነገርኋቸው።

«ታንቆ?»

«ታንቆ፣ አባቴ።»

«እንደ ጤፌ ነዋ» አሉና ዝም አሉ።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሊቃውንቱ ላቤኦባርቡስ በሚሉት ወገን ከጣና አሥራ አምስት የሚያህሉ ዓይነቶች ተለይተዋል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው ለብቻቸው ተራብተው ይህን ያህል ተለያዩ፤ አንዱ ዓሣ አዳኝ፣ አንዱ ከጭቃ ለቃሚ፣ አንዱ ሣር በል ሆነ። ከነዚህ ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት የሚወጡት እንደ ጉማራ ባሉት ወንዞች ወደ ገባሮቻቸው፣ ፈጣን ንጹሕ ውኃና ጠጠር ወዳለበት ነው። ጊዜው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ ፈሰሱም የሚወጣው፣ ወንዙም የሚደፈርሰው በዚያው ወራት ነው። በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ በበጋ ደግሞ ሽንኩርት የሚያጠጣው ሞተር ወንዙን ይመጥጠዋል፤ ጠጠሩም ለሕንፃ እየተባለ ይጫናል። በባሕር ዳር አካባቢ በመረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል።

ማታ ቤቴ ስገባ አንድ ጠርሙስ የጉማራ ውኃ መስኮት ላይ አስቀመጥሁ። ጧት ላይ ከላዩ ጠርቶ ከታቹ የሳንቲም ውፍረት ያህል ቀይ አፈር ተኝቶበታል። ጠጠሩን ዘጠኝ ጊዜ አጠብሁ። እማማ እያንዳንዱን እጣቢ የጓሯቸውን ጎመን አጠጡበት፤ «የወንዛዬ አፈር ነው፣ አይጣልም» አሉ።

እንዲህ ያለ ሣጥን ለመሥራት የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ከኔ ጥፋት ይማር። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ከፍቶ ማሳደር፤ ጠጠሩን እጣቢው እስኪጠራ ማጠብ፤ በባትሪም የሚሠራ አየር መንፊያ መግዛት፤ ከሁሉ በላይ ሳምንታቱን መታገሥ ይገባል። ሦስቱን ዓሦቼን እስከዚያ በሰፌድ በተከደነ ሰፊ በርሜል ውስጥ አቆየኋቸው። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ከአንዱ ወንዝ የተያዘ ዓሣ በሌላው አይለቀቅ፤ የገንዳ ተክልም ወደ ቦይ አይጣል። ከ2011 ጀምሮ የጣናን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ያስጨነቀው እንቦጭ ከትውልድ አገሩ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ማማር የኩሬ ጌጥ ሆኖ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት ሦስቱ ጋራዎች ገቡ። አሁን ከመስታወቱ ላይ ተለጥፈው አልጌውን ሲፍቁ አፋቸው ከነመጣበቂያው ከውጭ ይታያል፤ ተማሪዎቼ በየተራ መጥተው በአጉሊ መነጽር እያዩ በደብተራቸው ይሥላሉ። ለጓደኛዬም ሥዕላቸውን ላክሁለት፤ ቀለም የላቸውም ብሎ ሳይስቅብኝ አልቀረም።

በኅዳር፣ ሩዙ በሚታጨድበት ሰሞን፣ እኒያ ሽማግሌ ለገበያ ወረታ መጥተው ቤቴን አፈላልገው ገቡ። እማማ ጠላ ቀዱላቸው። ዱላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው በሣጥኑ ፊት ተቀመጡ።

«ጠጠሩ ከኛ ወንዝ ያመጣኸው ነው?»

«አዎን አባቴ።»

«እንዲህ ነጭ ነበር?»

«አጥቤው ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ዓሦቹን ተመለከቱ። ከወንዛዬ በላይ ውኃው በበጋ የሚጠራበት፣ እርሳቸው በልጅነታቸው የዋኙበት አንድ ገባር እንዳለ ነገሩኝ፤ ጭቃው እስከዚያ ወጥቶ እንደሆነ አላዩትም። ጤፉ ሲወቃ፣ በጥር፣ ልጆቹን ይዤ እንድመጣና አብረን እንድናይ ተስማማን።